ኩሩ ጉንጭ የሚባለው ኮክ

ሰኞ፣ ወር በገባ በ3

ይህን ደብተር ከመሥሪያ ቤት ነው ያነሳሁት። ሰረቅሁ አልልም። ሽፋኑ ላይ «የደረቁ ችግኞች መመዝገቢያ» ይላል፤ ችግኙ በየሳምንቱ እየደረቀ አንድ ሰው እንኳ አንድ መስመር ጽፎበት አያውቅም። ከዛሬ ጀምሮ የደረቁ ሰዎች መመዝገቢያ ነው።

ቁጥር አንድ፦ ሥራ አስኪያጃችን። ከረባት ብዬዋለሁ፤ በዚህ ሙቀት አንገቱን በገዛ እጁ አንቆ ይውላል። ጉንጩ ወደ ታች ፈስሶ ከረባቱ ላይ ጋደም ይላል።

ቁጥር ሁለት፦ ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ዶክተር። አጉሊ መነጽር በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል። የሻይ ስኒ ሲሰጡትም መጀመሪያ በመነጽሩ ያየዋል።

ቁጥር ሦስት፦ እኔ። የርዕሰ መምህሩ ወንበር ላይ ሙጫ ቀብቼ ከዘጠነኛ ክፍል የተባረርኩ። አሁን የፍራፍሬ ምርምር ጣቢያው ግምጃ ቤት ውስጥ ተቀምጬ የአሮጌ ሥዕሎችን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ አራግፋለሁ። ከፍተኛ ኃላፊነት ነው። አቧራው ያከብረኛል።

ሥዕሎቹ ሁለት መቶ አሥራ አራት ናቸው። ኮክ፣ ሮማን፣ ብርቱካን፣ ማንጎ፣ ዘይቱን። እያንዳንዱ ዝርያ አንድ ወረቀት አለው፦ ሙሉው ፍሬ፣ ለሁለት የተቆረጠው፣ ዘሩ፣ ቅጠሉ፤ ሁሉም በውሃ ቀለም፣ በልኩ። የሣላቸው ጋሼ ነው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ እኛው ቤት የሚኖረው። ሠላሳ አንድ ዓመት ፈጅቶበታል። አንዱም ላይ ስሙ የለም፤ በዚያን ጊዜ «የመንግሥት ወረቀት ላይ የግል ስም አይጻፍም» ተብሎ ነበር። አሁን መጽሐፍ ሊሆኑ ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሰዓሊው ስም ይወጣል ተብሏል።

ጋሼ «ስም ምን ሊያደርግልኝ» ይላል። ትናንት ግን ኮቱን ከሳጥን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ሰቀለው። እኔ አልቀለድኩበትም። እንዲህ ዓይነት ዕድል አልፎኝ አያውቅም፤ ምን እንደነካኝ እንጃ።

ረቡዕ 5

ጸሐፊዋ የሰማችውን ሁሉ ስለምታስተላልፍ ሬዲዮ እላታለሁ። ዛሬ በምሳ ሰዓት ሥርጭት ጀመረች።

«ዶክተሩ ምን አለ መሰለሽ? ‘ይሄ የሠለጠነ እጅ ነው’ አለ። ‘የሰውዬው ፋይል ላይ የሥራ መደቡ ቀለም ቀቢ ነው የሚለው። ግድግዳ ሲቀባ የኖረ ሰው ይህን አይሥልም’ አለ።»

«ከረባትስ?»

«‘እኔም ጠርጥሬ ነበር’ አለ።»

እሱ መቼ ጠርጥሮ ያውቃል! ሳይጠሩት አቤት የሚል ሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣቢያው የሰዓሊ መደብ አልነበረውም። ስለዚህ ጋሼን በቀለም ቀቢነት ቀጠሩት፤ ግድግዳ ግን ቀብቶ አያውቅም። የቤታችንን በር እንኳ እናቴ ናት የቀባችው።

ሄጄ ለዶክተሩ ነገርኩት። በመነጽሩ አየኝ። ትልቅ ሆኜ ሳልታየው አልቀርም፤ ግን አልጠቀመኝም።

«የኔ ልጅ፣ ቤተሰብ መውደድ ጥሩ ነው። አንቺ አቧራሽን አራግፊ።»

እሺ። አራግፋለሁ።

ዓርብ 7

ቸኩያለሁ። የጋሼ አልጋ ሥር አሮጌ ወረቀት አለ፤ ያኔ ከሥዕሎቹ የተረፈ፣ ያው ዓይነት። የቀለም ሳጥኑም እዚያው ነው። እሱ ከቀትር በኋላ ጎረቤት ቤት ዳማ ሊጫወት ይሄዳል። ሦስት ቀን ይበቃኛል። ማንም እንዳያውቅ።

እሑድ 9

አለቀ! ሳቄ ሊገድለኝ ነው።

በዓለም ላይ የሌለ ኮክ ሣልኩ። ሙሉውን ፍሬ ከከረባት ፊት ነው የወሰድኩት። ያ ወደ ታች የፈሰሰ ጉንጭ፣ አገጩ ሥር ያለው ሁለተኛ አገጭ፣ ከአፍንጫው ጎን ያለችው ጥቁር ነጥብ ሳይቀር። ቀይ ደም ግባት ሰጠሁት፤ በሕይወቱ ያላገኘውን። ከሥሩ በብዕር፣ በጋሼ የፊደል አጣጣል፦ «ኩሩ ጉንጭ። ከአንድ ዛፍ ብቻ የተገኘ።»

ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ሲሥል አጠገቡ ተቀምጬ ብሩሽ ስበላ ነው ያደግሁት። አንድም ቀን ሣይ ብሎኝ አያውቅም። አንቺ ጦጣ፣ ውሃ ለውጪልኝ ነው የሚለኝ።

ነገ ከዘጠና ሰባተኛው ሥዕል ቀጥሎ እሰገስገዋለሁ። ዶክተሩ ይህን ከጋሼ ሥዕል ካልለየ፣ «የሠለጠነ እጅ» ያለው ሰውዬ ዓይኑን አሠልጥኖ ይምጣ። እስኪወደው ጠብቄ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ዶክተር፣ ይህ የኔ ነው» እለዋለሁ። ከዚያ አቧራውን ራሱ ያራግፍ።

ማክሰኞ 11

ቁጥሩ በአንድ መጨመሩን ያየ የለም። የከረባት ደብዳቤ «ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ» ይላል። ቆጠራ ለነሱ የድሃ ሥራ ነው።

ሐሙስ 13

ዶክተሩ ከወንበሩ ተነሥቶ ጮኸ። እባብ ያየ መስሎኝ ነበር።

«ይምጡ! ሥራ አስኪያጅ፣ ይምጡ! ይህን ይመልከቱ!»

ከረባት መጣ። ሁለቱም ኩሩ ጉንጭ ላይ ተደፉ። ዶክተሩ መነጽሩ በእስትንፋሱ እስኪደበዝዝ አየ። «ከሁሉም የላቀው ይህ ነው» አለ። «ነፃነቱን አዩት? የጠፋ ዝርያ ነው። በየትም መዝገብ የለም!»

በየትም እንደሌለማ እኔም አውቃለሁ።

ከረባት ደግሞ አንገቱን ዘመም አድርጎ ቆየና ምን ቢል ጥሩ ነው? «ግርማ አለው። የሚታወቅ ግርማ። ለሽፋኑ ይሄ ይሁን።»

ራሱን አይቶ ወደደ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እጅጌዬን ነክሼ ወጣሁና ከውሃ ቧንቧው ጀርባ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ።

የፊታችን ማክሰኞ ጋሼ ተጠርቷል። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እያየ የት፣ መቼ፣ ከየትኛው ዛፍ እንደሣላቸው ይናገራል፤ ካሳመናቸው ስሙ ይገባል። ያኔ ነው የማፈነዳው።

ሰኞ 17

ጋሼ ሁለት ጊዜ ተላጨ። «ምነው፣ ሙሽራ ልትሆን ነው እንዴ?» አልኩት። «አንቺ ጦጣ» አለኝ። እናቴ የኮቱን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ፈትታ ሦስት ጊዜ ተከለችው። ምን የሚያስጨንቅ ነገር አለ? ወረቀት ነው እኮ። አንድ ገጽ።

ማክሰኞ 18

አልተናገርኩም።

ማክሰኞ፣ ማታ

ሁሉንም ልጻፈው፤ አለዚያ አልተኛም።

ጋሼ ገባ። አንዱ ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ በቀረው ደግሞ አፍንጫውን ወረቀቱ ላይ ካላስነካ አያይም። ዶክተሩና ከረባት ወዲያ ማዶ ተቀመጡ። እኔ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አቀርብለታለሁ።

«ይህች ኮክ ከደቡቡ አጥር ነች። በረዶ መቷት ነበር፤ ጠባሳዋ ይኸው። ይህ ሮማን ሲመጣ ተሰንጥቆ ነበር፤ የቀድሞው ኃላፊ ደህናውን ሣል አለኝ፣ እኔ ግን የመጣውን ነው የምሥለው። ይህችን ቀኑን ሙሉ ጉንዳን ሲበላብኝ ዋለ…»

ዶክተሩ መጀመሪያ እግሩን አጣምሮ ነበር የሚሰማው። ቆይቶ ፈታው። ቆይቶ መጻፍ ጀመረ። ዘጠና ሰባተኛው ላይ ሲደርስ «አባቴ» ብሎ ይጠራው ጀመር። ከረባት ሳይቀር ሻይ አዘዘለት።

ከዚያ ኩሩ ጉንጭን አቀረብኩ። ሳቄን ጉንጬ ውስጥ ይዤ።

ጋሼ ጎንበስ አለ። ቆየ። በጣም ቆየ።

«ይህ የኔ አይደለም።»

«አባቴ፣ በደንብ ይዩት» አለ ዶክተሩ። «ከሁሉም የበለጠው ይህ ነው እኮ!»

«ጥሩ ነው። የኔ አይደለም።»

ዶክተሩ ብዕሩን ከደነ። ድምፁ ይሰማኛል፤ ቀጭ። «እንግዲህ» አለ ለከረባት፣ ጋሼ እዚያ እንደሌለ ሁሉ፣ «ሁለት እጅ ነበረ ማለት ነው። ዋናው ሰዓሊ ሌላ ነው። እሳቸው ምናልባት ረዳት ነበሩ፤ ታሪኩን ሰምተው ያውቁታል።» ከረባትም «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ። መጽሐፉ ላይ «ሰዓሊው ያልታወቀ» ሊባል ተወሰነ። ሻዩ ገና አልመጣም ነበር።

የማፈነዳበት ጊዜ ያ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ብሩሹን ማጽዳት ያዝኩ። ንጹሕ ብሩሽ።

ጋሼ ኮቱን እንደለበሰ በእግሩ ሄደ።

ሐሙስ 20

ጥፋቱ የዶክተሩ ነው። የሐሰት ሥዕልን ከእውነተኛው የማይለይ ሰው ማን ዶክተር አደረገው?

ጥፋቱ የጋሼም ነው። «የኔ ነው» ቢል ምን ነበረበት? ሁለት መቶ አሥራ አራት የራሱ ካለ አንድ ቢጨምር ማን ይጎዳል? ሽማግሌ ግትር ነው።

ቅዳሜ 22

እናቴ ለጎረቤቷ በአጥር በኩል፦ «ሠላሳ አንድ ዓመት! አንዱ ሌላ ሰው የሆነ ነገር ሞነጫጨረ፣ የወንድም ጋሼ ልፋት ገደል ገባ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።»

አይጧ መስኮት ሥር ተቀምጣ ካልሲ ታጥብ ነበር።

እሑድ 23

ጋሼ ዳማ መሄድ ትቷል። በረንዳው ላይ ይቀመጣል። ዛሬ የቀለም ሳጥኑን አምጪልኝ አለ። አመጣሁ። ቀለሞቹን በጣቱ ዳሰሰ። ቀዩ ላይ ጣቱ ቆመ። ብሩሾቹን አወጣ፣ አንዱን ጫፉን በከንፈሩ ነካ፣ መለሰው።

«ያን ኮክ የሣለው ሰው» አለ፣ ወደ መንገዱ እያየ፣ «እጅ አለው። ግን በሕይወቱ ኮክ ቆርጦ አያውቅም።»

«እንዴት አወቅህ?» አልኩ። ድምፄ የዶሮ ድምፅ ሆነ።

«ኮክ ከተቆረጠ ይጠቁራል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሣለው ቁራጩ ነው፤ ሙሉው ይጠብቃል። በኔ ሥዕል ሁሉ ኋላ የሚሣለው የሙሉው ጥላ ቁራጩ ላይ ያርፋል። በዚያኛው ቁራጩ ነው ሙሉው ላይ የተደረበው። ሰውየው አልቸኮለም። የሚበሰብስበት ነገር አልነበረውም።»

«ለምን ይህን አልነገርካቸውም?»

«ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር።» የሳጥኑን ክዳን ገጠመ። «ደግሞ ያኔ ‘የሣለው ማን ነው?’ ይላሉ።»

 ሳጥኑን መልሼ አስቀመጥኩ። አላወቀም። ከየት ሊያውቅ? በአንድ ዓይን።

ማክሰኞ 25

ለከረባት ነገርኩት። በሩን ዘግቼ፣ ቆሜ፣ አንድም ቀልድ ሳልጨምር። (ጉንጩ የማን እንደሆነ ብቻ ዘለልኩ።)

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ላብ አጠመቀው። ሽፋኑ ማተሚያ ቤት ገብቷል፤ «የጠፋ ዝርያ ተገኘ» ብሎ ለበላይ አካል በፊርማው ጽፏል። መሐረቡን አውጥቶ ጉንጩን ከላይ ወደ ታች ጠረገ፤ ጊዜ ይፈጃል። ሲጨርስ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። የምንቀው ሰው እንዲህ ፈጥኖ ማሰብ እንደሚችል ባውቅ ኖሮ በሌላ ቀን እመጣ ነበር።

«አንቺ ዝም ትያለሽ። አጎትሽ መጥተው ‘ዓይኔ አታሎኝ ነው፣ ኩሩ ጉንጭም የኔ ነው’ ብለው ይፈርማሉ። ዶክተሩን እኔ አሳምነዋለሁ። ስማቸው በትልቁ፣ በመጀመሪያው ገጽ።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነ የመንግሥት ሰነድ አስመስሎ መሥራት ያሳስራል። ለእሳቸውም ይህንኑ አስረዳቸዋለሁ።»

«ለጋሼ አይንገሩት።»

«እንግዲያ ለማን ልንገር?» አለኝ፤ ፈገግ ብሎ።

ረቡዕ 26

ደግሞ ሳስበው ምን ክፋት አለው? ስሙ ይወጣል። እናቴ ደስ ይላታል። እኔ አልታሰርም። ውሸቱ የአንዲት ኮክ ያህል ነው። ሁሉም የሚፈልገውን ያገኛል።

አንዴ ደግሜ ልጻፈው፦ ሁሉም የሚፈልገውን ያገኛል።

ሐሙስ 27

ትናንት እኔ ሳልኖር ከረባት ራሱ እኛ ቤት መጥቶ ነበር። እናቴ ከደስታዋ ብዛት ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች። ስለ መታሰር ያወራው እሷ ሻይ ልታፈላ ስትነሣ መሆን አለበት።

«ነገ ልሄድ ነው» አለ ጋሼ።

«ምን ልታደርግ?»

«የሚሰጡኝን ልፈርም።»

«የኔ አይደለም ብለህ አልነበር?»

«አሮጊትና ሽማግሌ ይረሳል» አለ። በረንዳው ላይ ከነበረው ውሃ ፊቱን ታጠበ። ጢሙን አልነካውም።

ዓርብ 28

እጄ እስካሁን ቀይ ነው። አይለቅም። ጥሩ ቀለም ነው የሠራሁት፤ ማንም ባይመሰክርልኝ እኔ እመሰክራለሁ።

የስብሰባው ክፍል። ጋሼ መሐል፣ ከረባት በቀኝ፣ ዶክተሩ በግራ፣ ሬዲዮ ቃለ ጉባኤ ልትይዝ በር አጠገብ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀትና ብዕር፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ፣ ኩሩ ጉንጭ። እኔ ከጀርባቸው።

«እዚህ ጋ ነው አባቴ» አለ ከረባት፣ ሕፃን ፊደል እንደሚያስቆጥር። ጋሼ ብዕሩን ያዘ። አፍንጫውን ወረቀቱ ላይ አስነካ። እጁ ተንቀጠቀጠ። እኔ ያንን እጅ ከተወለድኩ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የጉንዳን እግር ሲሥል እንኳ ተንቀጥቅጦ አያውቅም።

ጠርሙሱን አነሣሁና ኩሩ ጉንጭ ላይ ገለበጥኩት። ከዚያ በመዳፌ አሸሁት። እስኪጠፋ።

ዶክተሩ የልጅ ጩኸት ጮኸ። «ቅርስ! ቅርስ እኮ ነው! ምን ሆነሻል አንቺ?»

«ቅርስ አይደለም ዶክተር። የሥራ አስኪያጁ ጉንጭ ነው። እኔ ነኝ የሣልኩት፣ ከሦስት ሳምንት በፊት።»

ሁሉም ወደ ከረባት ዞሩ። ያለ ፍላጎታቸው፣ አንድ ላይ። መጀመሪያ ሳቅ ያመለጣት ሬዲዮ ናት። ክፉኛ ሳቀች። ከረባት ጉንጩን በእጁ ሸፈነ፤ በዚህም ለጥርጣሬ ቦታ አልተወም።

ዶክተሩ ግን አላመነም። «ዘጠነኛ ክፍል ያልጨረሰች ልጅ? አጎቷን ለማዳን ነው።»

«ወረቀት አምጣልኝ» አልኩት። አንተ ማለቴን ያወቅሁት ካልኩ በኋላ ነው። ሬዲዮ ከአትክልተኛው ሁለት ኮክ ከነቅጠሉ፣ ከግምጃ ቤቱ ቀለምና ብሩሽ ይዛ እየሮጠች መጣች። ቆረጥኩ። ወዲያው ከጫፉ መጥቆር ጀመረ፤ ላብ በጀርባዬ ወረደ። ቁራጩን፣ ከዚያ ዘሩን፣ ከዚያ ሙሉውን፣ በመጨረሻ ቅጠሉን። ከጀመርኩ ሁለት ሰዓት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ጨረስኩ። ማንም አልወጣም። ከረባት ስልክ ሲጠራበት አላነሣም።

ጋሼ ያኔ ነው የተናገረው። በረንዳ ላይ የነገረኝን በሁለት አረፍተ ነገር ለዶክተሩ ነገረው። ዶክተሩ ሥዕሎቹን ከግምጃ ቤት አስመጥቶ ወለሉ ላይ ደረደራቸውና በእንብርክኩ ሄደባቸው፣ በመነጽሩ፣ እያንዳንዱን ጥላ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ቆሸሸ። ሁለት መቶ አሥራ አራት። ሲነሣ ፊቱ ግራጫ ነበር።

«አባቴ» አለ፣ ብዕሩን ከፍቶ። «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ።»

ጋሼ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም ነገረው። ዶክተሩ ጻፈና አነበበለት። «ልክ ነው» አለ ጋሼ።

እኔን ከረባት እዚያው አባረረኝ። ደብዳቤው «የጣቢያውን ንብረት በውሃ በማበላሸት» ይላል። የከሰሰኝ እንደሆነ «የጠፋ ዝርያ ተገኘ» ያለበት ደብዳቤ አብሮ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ስለዚህ አይከሰኝም። ያ ሰው ለራሱ ሲሆን ጎበዝ ነው።

ከጋሼ ጋር በእግራችን ተመለስን። ክንዴን ይዞ ነበር፤ መንገዱ ስለማይታየው ነው።   ይቅርታ ልል ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴም ስለ ከረባት ጉንጭ አወራሁ።

«ቅጠሉ ግን» አለ በድንገት።

«ምን ሆነ ቅጠሉ?»

«ኮክ ነው ያልሻቸው? የበግ ምላስ ነው የሚመስለው። በሁለቱም ሥዕሎች።»

«በሁለቱም አልክ? ያኔም አይተኸው ነበር?»

«በሁለቱም አልኩ። ሰኞ ጠዋት ብርሃን ሳለ በረንዳው ላይ ነይ። ፍሬ እንዳትነኪ። ቅጠል ብቻ።»

«እስከ መቼ?»

«እኔን ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።»

ቅዳሜ 29

ሁለት ዓመት ቅጠል! ሽማግሌው አብዷል። ሰው እየሰማ እንዲህ ይባላል እንዴ?

ከጎረቤቱ አጥር አሥራ አንድ የኮክ ቅጠል ቀጥፌ ውሃ ውስጥ ነክሬያለሁ። አንዱም ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት አይደለም።